ከፊታውራሪ ጎን ያለው ወንበር

ጥቅምት ፲፫ ቀን ፲፱፻፳፭፣ እሑድ

አለቃችን ፊታውራሪ እምሩ የመሥሪያ ቤቱን ጸሐፊዎች በሙሉ ለፈረንጅ ሙዚቃ አሰለፉን። አንድ ግሪክ መሐል አራዳ ባሠራው አዳራሽ፣ አንድ አርመን ያሰባሰባቸው ሙዚቀኞች በጋውን ሙሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ እሑድ ከሰዓት በኋላ ይጫወታሉ። ፊታውራሪ የፊተኛውን ተርታ ለራሳቸውና ለእንግዶቻቸው፣ ሁለተኛውን ለእኛ ያዙ። «ሚስት ያለው ከነሚስቱ» የሚል ትእዛዝም አለበት። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ሹማምንት ሄደዋል። በዚህ ከተማ ሌላው በታየበት ቦታ አለመታየት ከመሞት ይቆጠራል።

አንድ ባላባት ጠመንጃ ያዦቻቸውን ደጅ እንዲተዉ ቢለመኑ «ታዲያ እኔ መሆኔን ማን ያውቃል?» ብለው ከደጃፍ ተመለሱ። ከኋላችን የተቀመጠ ነጋዴ ገና ሳይጀመር አንቀላፋ፤ ሲያበቃ ነቅቶ ከሁላችን አብልጦ አጨበጨበ። እስክንድርያ ተምሮ የመጣው ጸሐፊ፣ ተክላይ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንገቱን ሲነቀንቅ ዋለ። ማወቁ እንዳይታወቅበት የሚፈራ ሰው አይደለም።

የእኔ ነገር የተጀመረው አርመኑ ቀጭን ዱላውን ይዞ ሲወጣ ነው። እጅ ነሣን፤ ወዲያው ዞሮ ጀርባውን ሰጠን። ፊታውራሪ ደማቸው ፈላ። ወደ እኔ ዘወር ብለው፣ «ይህ ሰው ጀርባውን የሚሰጠው ማን መሆኔን ሳያውቅ ነው?» አሉ። ፈረንሳይኛ ስለማውቅ ፈረንጅ የሠራው ጥፋት ሁሉ የሚጠየቀው ከእኔ ነው። ሊነሡ ካባቸውን ሰብሰብ ሲያደርጉ አየሁና ጎንበስ ብዬ፣ «ጌታዬ፣ ሠራተኞቹን ለመጠበቅ ነው። ዓይኑን ከላያቸው ካነሣ ይሰርቁበታል» አልኩ።

ተመልሰው ተደላደሉ። «እኔ እንዲህ ያለ ሹም አጣሁ» አሉ።

ጥቂት ቆይተው ደግሞ ዞሩ። «ሰሙን ሰማን፤ ወርቁስ?»

ፊታውራሪ ቅኔ ቤት ያደጉ ሰው ናቸው። ከላዩ ሌላ፣ ከውስጡ ሌላ የማይል ነገር በዓለም ላይ አለ ብለው አያምኑም። አላውቅም ማለት ነበረብኝ። አፌ ቀደመኝ። «ጥሩምባዎቹ ዘመቻ የሄዱ መኳንንት ናቸው፤ የፈረንጅ ማሲንቆዎቹ፣ ቪዮሎኖቹ፣ ቤት የቀሩት ሚስቶቻቸው። የሚያለቅሱ ይመስላሉ እንጂ ደስ ብሏቸዋል» አልኩ። ፊታውራሪ ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። እንግዶቻቸውም ሳቁ፤ ምን እንደሆነ የሰሙት ግን ከሳቁ በኋላ ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ ዘነቡ፣ «እውነት እንደዚያ ነው የሚለው?» አለችኝ።

«ነው» አልኳት። ማንን ይጎዳል? ሙዚቃ ሸንጎ ወጥቶ ዋሽተሃል አይለኝ።

ጥቅምት ፲፭

የሚስቶቹ ነገር ጊዮርጊስ ደርሶ ተመልሷል። ዛሬ ጠዋት አንድ የማላውቀው ሰው መንገድ ላይ አቁሞ ለእኔው ለራሴ አወራልኝ። አሻሽሎታል።

በርሄም ሰምቷል። በርሄ የመሥሪያ ቤታችን የቦታ ማኅተም ጠባቂ ነው። በዚህ ሰፈር ማንም ሰው ቦታውን ሲሸጥ፣ ሲያወርስም ሆነ ሲሰጥ የእሱ ማኅተም ካላረፈበት አይጸናም። ጎረቤቴም ነው፤ አንድ አጥር እንጋራለን። ሚስቶቻችን በዚያው አጥር ላይ ሆነው እኛን ያማሉ።

«ፈረንሳይኛውንስ ተማርከው፤ ጥሩምባኛውን ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ቀናህ» አልኩት።

«ልቀና አስቤ ነበር፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ፊታውራሪ ባስነጠሱ ቁጥር ትርጉሙን ሊጠይቁህ ነው።»

ሳቅን። እሱ ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።

ጥቅምት ፳፯፣ እሑድ

ተሾምኩ። ሹመቱ ወንበር ነው። ሁለተኛው ሙዚቃ ሳይጀመር ፊታውራሪ ከጎናቸው የተቀመጠውን ተክላይን በአገጫቸው አስነሥተው እኔን አስቀመጡኝ። ተክላይ ወደ ኋላ ሲሄድ ፈገግ አለ። ጥርሱ ብዙ ነው።

ዛሬ አንዲት ነጭ ሴት ለብቻዋ ቪዮሎን መታች። «ይህችስ?» አሉ ፊታውራሪ። ርስቷን የተቀማች ባልቴት ናት፤ ስትጮህ ዳኛው ተኝቷል፤ ያ ወፍራሙ ቪዮሎን የዳኛው ማንኮራፋት ነው አልኳቸው። ይህን ሲሰሙ ብዙ አልሳቁም። «ዳኛው በመጨረሻ ይነቃል?» ብለው ጠየቁኝ። «አይነቃም ጌታዬ» አልኩ። ያኔ ሳቁ።

ዘወር ስል ዘነቡ ነጠላዋን ዓይኗ ላይ አድርጋለች። እያለቀሰች ነው፤ ያውም በሰው መሐል። መንገድ ላይ፣ «ምን ሆነሽ ነው? ባልቴቲቱ አሳዘነችሽ?» ብዬ ቀለድኩባት።

«የምን ባልቴት? እኔ የሰማሁት ድምፁን ነው» አለች።

ሴት ወይዘሮ ከሆነች ወዲያ ሙዚቃ ቤት መውሰድ ደግ አይደለም።

ኅዳር ፪

ከፊታውራሪ ክፍል ጩኸት ተሰማ። በርሄ ወጥቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ነገሩ ይህ ነው። ፊታውራሪ አዲስ ኦቶሞቢል ገዝተዋል። ለኦቶሞቢሉ ቤት ያስፈልጋል። ከግቢያቸው ቀጥሎ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ፣ የእትዬ ከዲጃ ቦታ አለ። እትዬ ከዲጃ ከወሎ የመጣ የኮርቻ ሰፊ ሚስት ነበሩ፤ ባላቸው ሞቶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ቦታው ባለቤት የለውም ተብሎ ለፊታውራሪ ይዛወር ዘንድ ወረቀት ተጽፏል። በርሄ አላትምም አለ።

«ባለቤትማ አለው። ትናንት ደጃፋቸውን ሲጠርጉ ሰላም ብያቸዋለሁ» አለኝ።

ምን ያደርቀዋል? ሚስቱን እንኳ እንደዚያ ማኅተም አይጠብቃትም። ዘመን አይቶ ማደር የሚባል ነገር አለ።

ኅዳር ፲፩፣ እሑድ

ዛሬ ሰው በዛ። ከጎናችን ያሉት፣ ከኋላችን ያሉት፣ ሁሉም ጆሮውን የሚጥለው ወደ ሙዚቀኞቹ አይደለም፤ ወደ እኔ ነው። እውነቱን ልጻፍና፣ ደስ ይላል።

አንዱ ሙዚቃ መሐል ላይ፣ ሁሉም ዝም ባለበት፣ ትልቁ ከበሮ ለብቻው አንድ ጊዜ ድም አለ። ሰዉ ደነገጠ። ፊታውራሪ ወደ እኔ አዘነበሉ፤ ድምፃቸውን ግን ዝቅ አላደረጉም።

«ይህ ከበሮ ከቤት ውስጥ የሚከዳ ሰው ነው ልበል?»

«ሳይሆን አይቀርም ጌታዬ።»

«ጌታው ያመነው።»

«አዎን ጌታዬ። ሌሎቹ ሲደክሙ እሱ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ቆይቶ ጌታው ባላሰበበት ሰዓት ከኋላ ይመታዋል።»

«በእጁ ምን ይዟል?»

ምን ልበል? ከበሮ መቺ በእጁ የሚይዘው ያው መምቻውን ነው። ክብ ነው፤ እጀታ አለው። «ማኅተም ይመስላል» አልኩ።

ሁለቱ ተርታ በሳቅ ፈረሰ። ተክላይ እንኳ እንባውን ጠረገ። በርሄ አልነበረም፤ እናቱን ለመጠየቅ ሄዷል። ቢኖር ኖሮ እሱም ይስቅ ነበር። ቀልድ ያውቃል።

ዘነቡ አልሳቀችም። ራሷን አሟት ይሆናል።

ኅዳር ፲፫

በርሄ ተነሣ። ዛሬ ጠዋት ማኅተሙን አስረክብ ተባለ። ለምን ቢል፣ «ከበሮው ተናገረ» አሉት ፊታውራሪ። ጸሐፊዎቹ ሳቁ። በሳቅ መሐል ተነሥቶ ሄደ።

እኔ የተናገርኩት ስለ ከበሮ ነው። የሰው ስም አላነሣሁም። ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ አዎን ነው ያልኩት። አዎን ማለት መናገር አይደለም።

ኅዳር ፲፯

ማኅተሙን ለእኔ ሰጡኝ።

ምን ላድርግ? እምቢ ብል ተክላይ ይወስደዋል። ከተክላይ እኔ እሻላለሁ። ቢያንስ የበርሄ ጎረቤት ነኝ።

ቤት ገብቼ ለዘነቡ ነገርኳት። የምትሠራውን አልተወችም። «እንኳን ደስ አለዎት» አለችኝ። ከተጋባን ጀምሮ አንተ ስትለኝ የኖረች ሴት ናት። አክብራኝ መስሎኝ ነበር። እራት ላይ «ይጨመርልዎ?» አለች፤ መብራቱን ልታጠፋ ስትል «ጨርሰዋል?» አለች። ያኔ ገባኝ።

በአጥሩ ላይ ስትነጋገር ሰማኋት። እኔ ስወጣ ዝም አሉ።

ኅዳር ፳፭፣ እሑድ

ወደ ሙዚቃው ስንሄድ ጊዮርጊስ አጠገብ በርሄ ከፊት ለፊት መጣ። አየኝ። እኔም አየሁት። የአንድ ሕንድ ሱቅ መስኮት ነበርና ቆሜ ባርኔጣ ተመለከትኩ። ጥሩ ባርኔጣዎች ናቸው። ጥቁሩ ይሻላል፤ ግራጫው አቧራ ይደብቃል።

ዘነቡ ትታኝ ሄዳ ሰላም አለችው። እስክትጨርስ ድረስ ባርኔጣ ስመርጥ ቆየሁ። በርሄ አልጠራኝም። ቢጠራኝ እኮ እሄድ ነበር።

ሙዚቃው እንደተለመደው። ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ሳቁ።

ታኅሣሥ ፮

ሥራ በዛ። የእትዬ ከዲጃን ወረቀት አተምኩ። ከሌሎች ወረቀቶች ጋር ነው የመጣው። ሁሉም ቸኩሎ ነበር።

ታኅሣሥ ፱፣ እሑድ

ከአዳራሹ ስንወጣ ደረጃው ላይ ሁለት ሰዎች ከኋላዬ ሲነጋገሩ ሰማሁ።

«ያውልህ ከበሮው።»

«እሱ ነው እንዴ? እኔ ትልቅ ሰው መስሎኝ።»

«በሰው እጅ ያለ ከበሮ ሲያዩት ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር አሉ።»

ለካ አራዳ ስም አውጥቶልኛል። እኔ ያወጣሁት ስም ነው፤ ዞሮ እኔው ላይ ተለጠፈ። የአራዳ ሰው ሥራ የለውም፤ ስም ሲያወጣ ይውላል።

ዘነቡ መስማቷን ጠየቅኋት። «ምኑን?» አለች። ሰምታለች።

ዛሬ ፊታውራሪ ስለ ሙዚቃው አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ኦቶሞቢሉ ስለሚገባበት ቤት ስፋት ሲያወሩ ዋሉ።

ታኅሣሥ ፳፬

የእስላሞቹ ጾም ከገባ ጀምሮ ዘነቡ ማታ ማታ በሰሃን ሸፍና ትወጣለች። ትናንት ማታ የት እንደምትሄድ ጠየቅኋት።

«እትዬ ከዲጃ ጋ። ጾሙን የሚፈቱበት ቤት የላቸውምና የቆዳ ነጋዴው ሸምሰዲን ሱቅ ጓሮ ነው ያሉት። እርስዎ አያውቁም?»

አላውቅም ነበር። ማለት፣ አጥሩ ይፈርሳል እንጂ ቤቱ ወዲያው ይፈርሳል ብዬ አላሰብኩም። ዛሬ ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በዚያ በኩል ዞርኩ። ሣሩ ወርዷል፤ ወጋግራው ተነቅሎ ተከምሯል። ግድግዳው ብቻ ቆሟል፤ አሮጌ ኮርቻ የሚሰቀልበት ችካል እስካሁን አለበት። እትዬ ከዲጃ ከፍራሹ መሐል የሸክላ ስባሪ ይለቅማሉ። የዘነቡ ባል መሆኔን አወቁ፤ መረቁኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ።

«ልጄ፣ አንተ የጽሕፈት ሰው ነህ። ማኅተሙን የመታው ማን እንደሆነ ካወቅህ ንገርልኝ። በጾሜ አልረገምሁትም። እጁ እንዳይደርቅ ዱዓ እያደረግሁለት ነው። ሳያውቅ ቢሆን ነው እንጂ አውቆ እንዲህ የሚያደርግ የለም።»

«እጠይቃለሁ» አልኳቸው።

እጠይቃለሁ። እንደዚህ ነው ያልኩት። እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ማታ ነው። ዘነቡ ተኝታለች፤ ወይም ዝም ብላለች። ማን ምን አደረገ ብዬ በየተራ ላስብ ሞከርኩ። ወረቀቱን የጻፈው ተክላይ ነው። ያዘዙት ፊታውራሪ ናቸው። ያፈረሱት ቀን ሠራተኞች ናቸው። እኔ ክብ ነገር አንሥቼ አስቀመጥኩ። ግን አንብቤዋለሁ። «ባለቤት የሌለው» የሚለውን አንብቤዋለሁ። አንብቤም እጄ ቀጥ ብሎ ነው የወረደው።

ጥር ፯

ሙዚቃ አልሄድኩም። አመመኝ አልኩ። ፊታውራሪ ሰው ልከው ጠየቁኝ፤ ሎሚ ላኩልኝ።

ጥር ፲፬፣ እሑድ

የዛሬውን ቀስ ብዬ ልጻፍ።

የበጋው መጨረሻ ሙዚቃ ከተለመደው አንድ ሳምንት ቀድሞ ነበርና አዳራሹ ጢም አለ። እኔ በተለመደው ወንበሬ ላይ ነኝ። ምንም ውሸት አላዘጋጀሁም፤ ልቤ እምቢ አለ። ስለዚህ ሥራ ፈትቼ ተቀመጥኩ፤ ሥራ ፈት ስሆን ጊዜ ሙዚቃውን ሰማሁት። በጋውን ሙሉ እዚያ ተቀምጬ አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም ነበር፤ ምን እንደምል ሳስብ ነው ያለፈው። ያቺ ነጭ ሴት ቪዮሎኗን ስትመታ ዘነቡን ዘወር ብዬ አየኋት። አላየችኝም። በመሐላችን ስንት ወንበር እንዳለ እንጃ፤ ብዙ መሰለኝ።

በዕረፍቱ ላይ አርመኑ ወደ ፊታውራሪ መጥቶ እጅ ነሣ። ፊታውራሪ በእንግዶቻቸው ፊት ሊኮሩበት ፈለጉ። «እስቲ ንገረው፤ ያንን የከበሮውን ወርቅ እንዳገኘነው ንገረው» አሉኝ። ቆሜ የራሴን ውሸት በፈረንሳይኛ ተረጎምኩ። ከሃዲው ሹም፣ ዝምታው፣ ከኋላ መምታቱ። አርመኑ መጀመሪያ አልገባውም። ቀጥሎ ቀላ። ከዚያ ብዙ ይቅርታ እየጠየቀ መለሰልኝ።

ፊታውራሪ፣ «ምን አለ?» አሉ።

ተክላይ ከኋላችን ነው፤ ፈረንሳይኛ ይሰማል። ፈገግ ብሎ እኔን ያያል፤ ምን ብዬ እንደማመልጥ ለማየት ጓጉቷል። ማምለጥ እችል ነበር። አንድ ነገር ተፈብርኮ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያማረ ነበር።

«ከበሮው እዚያ ቦታ ላይ መመታት አልነበረበትም አለ ጌታዬ። የዘወትሩ ከበሮ መቺ ታሞ ሌላ ሰው ተተክቶ ነበር፤ የተተካው ተሳስቶ ነው የመታው። ስለ ስሕተቱ ይቅርታ ይጠይቃል።»

አፌ አንዴ ስለተከፈተ ቀጠልኩ። «እኔም ምንም አላውቅም። ስለ ጥሩምባውም፣ ስለ ባልቴቲቱም የተናገርኩት ከራሴ ነው። ሙዚቃው ስለ በርሄ አንዲት ቃል አልተናገረም። በርሄ ያጠፋው ነገር የለም።»

ትልቅ ነገር የሚሆን መስሎኝ ነበር፤ ጣራው የሚወርድ። ፊታውራሪ ሳቁ። እንግዶቹም ተከትለው ሳቁ። «አያችሁልኝ? ዛሬ ደግሞ በራሱ ላይ ተቀኘ» አሉ። ሰዉ አጨበጨበልኝ። ለእውነት ሲጨበጨብ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ ውሸት መስሏቸው።

ሙዚቃው ካበቃ በኋላ ኦቶሞቢላቸው እስኪመጣ ደረጃው ላይ አጠገባቸው አስቆሙኝ። ሌላ ሰው አልነበረም። ድምፃቸው እንደ አባት ነው።

«ገብረዮሐንስ፣ እኔ ያመንኩህ መስሎህ ነበር?»

ኦቶሞቢሉ ይመጣ እንደሆነ መንገዱን አየሁ።

«ልጅነቴን ቅኔ ቤት ነው የጨረስኩት። ወርቅ የሌለውን ሰም አጣዋለሁ? በርሄን ለማንሣት ስንት ጊዜ ምክንያት ፈለግሁ። ሰው የሚወደው ሰው ነው፤ እንዲሁ ባነሣው ነገሩ በላይ ይደርስብኝ ነበር። አንተ በሁለት ተርታ ሕዝብ ፊት ምክንያት ሰጠኸኝ፤ ያውም የሚያስቅ። ሰው የሳቀበትን ነገር አይመረምርም።» ትከሻዬን መታ አደረጉኝ። «ለሚመጣው ዓመትም ወንበርህ ያው ከጎኔ ነው።»

ኦቶሞቢሉ መጣ። ገብተው ሄዱ።

እኔ እኮ እያታለልኳቸው መስሎኝ ነበር። በጋውን ሙሉ እሳቸው ሲስቁ፣ ሞኝነታቸው እያሳቀኝ ልቤ ሌላ ሳቅ ይስቅ ነበር።

ጥር ፲፭

ለዘነቡ ሁሉንም ነገርኳት። ማኅተሙን፣ ማንበቤን፣ የባርኔጣውን፣ ደረጃው ላይ የተባልኩትን። ጥጥ ትፈለቅቅ ነበር፤ እጇ ቆመ። «እትዬ ከዲጃ ያውቃሉ?» አለችኝ። አያውቁም አልኩ። «ታዲያ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ሂድና በርሄን አግኘው» አለች።

«ሂድ» ነው ያለችው። ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ።

በርሄ ከሸምሰዲን የቆዳ መደብር ሥራ ይዟል። ቆዳ ይቆጥራል፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል። በሩ ላይ ቆሜ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተናገርኩ። እስክጨርስ ድረስ ቆጠራውን አላቋረጠም።

«የከበሮውን በማግሥቱ ሰምቻለሁ። ፊታውራሪ አንተን ባያገኙ ውሻ ጮኸ ብለው ያነሡኝ ነበር። እሱ አይደለም የጎዳኝ» አለኝ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ባርኔጣው ነው። ስንት ዓመት ጎረቤቴ ሆነህ፣ መስኮት ስታይ ቆምክ። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ ምግብ አልወረደልኝም።»

ከቆዳው ግማሹን አነሣሁለት፤ ቦታ አሳየኝ፤ አስቀመጥኩ። እንደዚያ ስናደርግ ቆየን። ከዚያ፣ «እትዬ ከዲጃ ችሎት ሊቆሙ ነው። ምስክር ግን የላቸውም። እኔ ተባሬ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ቂም ይዞ ነው ይሉኛል። ያተመው ሰው ራሱ ቢናገር ግን ሌላ ነው» አለ።

«ያተመው ሰው ይፈራል» አልኩት።

«ይፍራ። ፈርቶም መናገር ይቻላል።»

ጥር ፳፫

ችሎት። ጠዋት ዘነቡ ኩታዬን አጥባ ሰጠችኝ።

የፊታውራሪ ነገረ ፈጅ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ አሳየ፤ ማኅተሙን ለዳኛው፣ ቀጥሎ ለሕዝቡ። እኔ ቆሜ፣ «ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ። ቃሉ ውሸት ነው። ባለቤቷ እኚህ ናቸው» አልኩ።

ዳኛው፣ «ሳታነብ መትተህ ነው?» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው፤ መውጫ እየሰጡኝ ነበር። በርሄን አየሁት። እሱ መሬት መሬቱን ያያል።

«አንብቤ ነው» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሰው «ከበሮው ተናገረ» አለ፤ ችሎቱ ሳቀ። ዳኛው አስቆሙት። ነገሩ ሲጣራ ዋለና ቦታው ለእትዬ ከዲጃ እንዲመለስ፣ የፈረሰው ቤትም እንዲሠራላቸው ተፈረደ። ኦቶሞቢሉ ለጊዜው ደጅ ያድራል።

ስንወጣ እትዬ ከዲጃ ጋ ሄጄ ጎንበስ አልኩ።

«አንተ ነበርክ?» አሉ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«እጁ እንዳይደርቅ ብዬ ለምኜልሃለሁ። የለመንኩትን አላነሣም። ግን ደጄ አትምጣ። ሚስትህ ትምጣ።»

የካቲት ፫

ሹመት ደረሰኝ። ፊታውራሪ በሁሉም ፊት በፈገግታ አነበቡት። በምድር ባቡሩ መስመር፣ ከቆላው፣ ወፍ እንኳ በጥላ በምትሄድበት አገር የኬላ ሹም ሆኛለሁ። እዚህ አገር ሰው የሚቀጣው በማዋረድ አይደለም፤ በመሾም ነው። ባልደረቦቼ እንኳን ደስ አለህ አሉኝ፤ ማንም ዓይኔን አላየም። ማኅተሙን ለተክላይ አስረከብኩ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ፤ ሙዚቃው ሲጀመር ወንበሩም የእሱ ነው። የተማረ ሰው ነው፤ ከእኔ የተሻለ ይዋሻል።

ለዘነቡ «አንቺ እዚህ ብትቀሪስ? አገሩ ትኩሳት አለበት» አልኳት።

«ብቀር ደስ ይለኝ ነበር። በአጥር ላይ የማወራው ሰው አለኝ» አለች። ከዚያ ጠረጴዛውን እየጠረገች፣ «እሄዳለሁ። የተናገርክ ቀን ነው የወሰንኩት። ባትናገር ከአንተ ተለይቼ እዚሁ እቀር ነበር፤ አንተም እዚሁ ሆነህ» አለችኝ።

ይህን እስካሁን አላመንኩትም። ደጋግሜ አሰብኩት፤ እውነቷን ነው።

የካቲት ፲፩

ጣቢያ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ባቡሩ ዘግይቷል። ጓዙ በዝቷል፤ ዘነቡ ድስቶቿን አንድም አልተወች። ፊታውራሪ ሰላምታ ልከዋል።

በርሄ መጣ። የቆዳው ሽታ ከሩቅ ይጣራል። የአጥሩን ግንድ እሱ ሊጠግን ነው፤ በእናንተ ቤት ማን ይገባ ይሆን አለ። እንጃ አልኩ። ሰው መሳፈር ሲጀምር ዘነቡን አቀፋት፤ ለእኔ እጁን ሰጠኝ።

«እዚያም ማኅተም ይሰጡሃል» አለኝ።

«ይሰጡኛል።»

«ካላነበብክ አትምታ እንዳልልህ፣ አንብበህ ነው የመታኸው።»

«አንብቤ ነው።»

«እንግዲያው አንብበህ እምቢ በል» አለኝና እጄን ለቆ ወደ ሥራው ሄደ።